«ቤታችን ንጹህ ነው፤ ታዲያ ልጄን አሜባ ለምን ይመላለስበታል?»

ጥያቄው፦ «ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ 9ኛ ክፍል ይማራል። የምንኖረው አቃቂ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሆዱን ይነፋዋል፣ አንዳንዴ ያስቀምጠዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል። ሦስት ጊዜ ክሊኒክ ወስጄው ሁለቴ አሜባ፣ አንዴ ጃርዲያ ነው ተብሎ መድኃኒት ወስዷል። አንድ ወር ደህና ይከርምና ይመለስበታል። ቤታችን ንጹህ ነው፤ ውሃም አፍልቼ ነው የማጠጣው። አንደኛ ደረጃ እያለ ትምህርት ቤት የትል ኪኒን ይሰጡት ነበር፤ አሁን ቀረ። አማቴ ኮሶ ይጠጣ ይላሉ። ምን አጥፍቼ ነው? ምንስ ላድርግ?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምርና ያጠፉት ነገር የለም። ይህን የምልዎት ለማጽናናት ብቻ አይደለም። የ15 ዓመት ልጅ የቀኑን እኩሌታ የሚያሳልፈው ከእናቱ ዓይን ውጭ ነው። የሚበላው፣ የሚጠጣው፣ እጁን የሚታጠበው ወይም ሳይታጠብ የሚቀረው እዚያው ትምህርት ቤት አካባቢ ነው። ስለዚህ የእርስዎን ኩሽና ከመፈተሽ በፊት ሁለት ነገር መጣራት አለበት፤ ልጁን በእርግጥ የያዘው ምንድን ነው? የሚገባበትስ በየት በኩል ነው?

ከላብራቶሪ ወረቀቱ እንነሳ። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የሰገራ ምርመራ ላይ ስለሆነ «አሜባ» የሚለው ውጤት ምን ያህል በጥንቃቄ መነበብ እንዳለበት አውቃለሁ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ሁለት ዓይነት አሜባዎች አሉ። አንደኛው ኢንታሞይባ ሂስቶሊቲካ ይባላል፤ አንጀት የሚያቆስለው፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው፣ ሲብስም ጉበት ላይ መግል የሚቋጥረው እሱ ነው። ሌላው ኢንታሞይባ ዲስፓር ነው። ይሄኛው አንጀት ውስጥ ይኖራል እንጂ ጉዳት አያደርስም፤ መድኃኒትም አያስፈልገውም። ሁለቱም ጠንካራ ሽፋን ለብሰው ከሰገራ ጋር ሲወጡ (ሲስት የምንለው ነው) ማንም ባለሙያ በተራ ማይክሮስኮፕ ሊለያቸው አይችልም። መለየት የሚቻለው የሚንቀሳቀሰው አሜባ ቀይ የደም ሕዋስ ውጦ ሲታይ፣ ወይም የአንቲጅን (የተሐዋሱን ፕሮቲን የሚፈልግ) አለዚያም የፒሲአር (ዘረመሉን የሚለይ) ምርመራ ሲደረግ ነው። በዓለም ዙሪያ ደግሞ በብዛት የሚገኘው ያ ጉዳት የሌለው ነው። በዚህ ላይ ነጭ የደም ሕዋስ በተቻኮለ ዓይን አሜባ መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ።

ይህን ያነሳሁት ባለሙያ ለመውቀስ አይደለም። ረፋድ ላይ ሠላሳ ናሙና የተደረደረለት ሰው ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ደቂቃ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የእርስዎ ልጅ ሰገራ ላይ ደም ታይቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ሁለቱ የ«አሜባ» ውጤቶች የሕመሙ ምክንያት ላይሆኑ ይችላሉ። ለአሜባና ለጃርዲያ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል ደግሞ ራሱ ያቅለሸልሻል፤ አፍን ብረት ብረት ያሰኛል፤ ምግብ ያስጠላል። ያስጠላው ተሐዋስያኑ ይሁን መድኃኒቱ መለየት አለበት።

ጃርዲያውን ግን በቁም ነገር እወስደዋለሁ። ሆድ መንፋት፣ የሚሸት ግሳትና ፈስ፣ ቅባት ያለው የሚመስል ሰገራ፣ ክብደት መቀነስ የእሱ ጠባዮች ናቸው። አንድ ሰው በጃርዲያ ለመያዝ 10 የሚሆኑ ሲስቶች ወደ አፉ ቢገቡ ይበቃል፤ በዓይን የማይታይ፣ ጥፍር ሥር የሚቀር ነገር ማለት ነው። ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጃርዲያ ከጠፋ በኋላም ቢሆን የትንሹ አንጀት ግድግዳ እስኪያገግም የወተትን ስኳር መፍጨት ያቅተዋል። ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ወተት የጠጣ ወይም ማኪያቶ የቀመሰ ቀን ሆዱ ይነፋል፤ ያስቀምጠዋል። ቤተሰብ «ተመለሰበት» ብሎ እንደገና ለመድኃኒት ይሮጣል። ልጅዎ መድኃኒቱን ከጨረሰ በኋላ እንዲያገግም ተብሎ ወተት ጨምረውለት ከነበረ ይህን አስቡበት።

አሁን ወደ መግቢያው በር ልምጣ። ስለ አንጀት ጥገኛ ተሐዋስያን በተማሪዎች ላይ የሚሠሩ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነገር ያገኛሉ፦ ያልተቆረጠ ጥፍር፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስ በሳሙና አለመታጠብ፣ ሳይታጠብ የሚበላ ጥሬ አትክልትና ፍራፍሬ፣ በባዶ እግር መሄድ፣ ያልታከመ ውሃ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የእናት አለመማር። «አጋላጭ ሁኔታዎች» ይባላሉ። እኔ የምለምነው ይህ ዝርዝር እንደ ልጆች ኃጢአት ዝርዝር እንዳይነበብ ነው። እነዚህ ጥናቶች የሚሠሩት በአንድ ወቅት ሰገራ ተመርምሮ፣ መጠይቅ ተሞልቶ ነው። የሚነግሩን የትኛው ነገር ከየትኛው ጋር አብሮ እንደሚገኝ ነው። ጥፍሩ ያደገ ልጅ በብዛት ተይዞ ከተገኘ ጥፍሩ የትል እንቁላልና ሲስት ስለሚይዝ ሊሆን ይችላል፤ በቤቱም በትምህርት ቤቱም ውሃ ስለሌለ ጥፍሩ የዚያ ምልክት ሆኖ ሊሆንም ይችላል። ሁለተኛው ከሆነ ጥፍር መቁረጫ ገዝቶ መስጠት ብቻውን ምንም አይለውጥም።

በአንድ ወቅት ከከተማው ዳር ወዳለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ናሙና ለመሰብሰብ ሄደን ነበር። ግቢው ውስጥ በረድፍ የተተከሉ የቧንቧ ራሶች ነበሩ፤ ውሃ የሚወርደው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ከመጸዳጃ ቤቱ ራቅ ብሎ አስተዳደሩ በር አጠገብ። ሳሙና «ይጠፋል» ተብሎ መጋዘን ተቆልፎበታል። የወንዶቹ መጸዳጃ ቤት በር አልነበረውም። ሴቶቹን ስንጠይቅ ጠዋት ከቤት ወጥተው ከሰዓት እስኪመለሱ ሽንት ቤት እንደማይገቡ፣ እንዳይመጣባቸውም ውሃ እንደማይጠጡ ነገሩን። በወር አበባ ጊዜ ብዙዎቹ ይቀራሉ። መጠይቃችን ላይ «ከመጸዳጃ በኋላ እጅህን ትታጠባለህ?» የሚል ጥያቄ ነበረ፤ አብዛኞቹ «አዎ» ብለው ሞልተውታል። በምን ውሃ እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር አልነበረንም። ያን ቀን አፈርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ የትኛውም ትምህርት ቤት ስሄድ መጀመሪያ የማደርገው ቧንቧውን ከፍቼ ማየት ነው።

የጉርምስና ዕድሜ የራሱ ነገር አለው። ትንሽ ልጅ ምሳ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፤ የ9ኛ ክፍል ልጅ ምሳ ዕቃ መያዝ ያፍራል፤ የኪስ ገንዘብ ይዞ ከበር ላይ እርጥብ ይበላል፣ ሳንቡሳ ይገዛል፣ ሸንኮራ በጥርሱ ይልጣል። ሳንቡሳው ከጋለ ዘይት ስለሚወጣ ብዙም አያሳስበኝም፤ የሚያሳስበኝ የሚይዘው እጅ ነው። እርጥቡ ግን ውስጡ ጥሬ ሰላጣ፣ ቲማቲምና ቃሪያ አለበት፤ ሻጯ ውሃ የምታገኘው ከአንድ ጀሪካን ነው፤ ለእጇም፣ ለአትክልቱም፣ ለቢላዋውም። በእረፍት ሰዓት አቧራ ላይ ኳስ ተጫውተው በዚያው እጅ ከአንድ ፌስታል ለአራት ይካፈላሉ። ከኮቪድ ወዲህ ብዙዎቹ ሳኒታይዘር ይይዛሉ፤ ጥሩ ነው፤ ግን የጃርዲያ ሲስትም ሆነ የወስፋት እንቁላል በአልኮል እንደ ባክቴሪያ አይሞትም። ለእነዚህ የሚሠራው በሳሙና አሽቶ በሚወርድ ውሃ አጥቦ ማስወገድ ነው።

ስለ አትክልቱ ትንሽ ልቆይ፤ አካባቢዎ አቃቂ ነውና። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው የሚወርዱ ወንዞች ናቸው፤ የከተማውን ፍሳሽ፣ የሽንት ቤቱንም ጨምሮ፣ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። በዳርና ዳራቸው ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን፣ ካሮት በዚያው ውሃ ይለማል። ገበሬዎቹ ለብዙ ዓመታት ይህችን ከተማ አትክልት ያበሉ ሰዎች ናቸው፤ ውሃውን ያቆሸሹት እነሱ አይደሉም። ነገር ግን የወስፋት እንቁላል የሚያጣብቅ ሽፋን አለው፤ የሰላጣ ቅጠል እጥፋት ውስጥ ገብቶ ይለጠፋል። በሎሚ ወይም በኮምጣጤ አይሞትም፤ በረኪና ጠብ ተደርጎበት የተነከረ ሰላጣም ባክቴሪያው ይቀንስለታል እንጂ እንቁላሉ አይሞትም። ቆስጣና ጎመን ስለሚበስሉ ችግር የለባቸውም። ካሮት ይላጣል። ሰላጣ ግን ቅጠል በቅጠል ተነጥሎ፣ ሁለቱም ገጽ በእጅ እየታሸ፣ በሚወርድ ውሃ መታጠብ አለበት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ሁልጊዜ ማድረግ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ውሃ በሌለበት ሳምንት ሰላጣ ባይበላ ይሻላል እላለሁ። በጾም ወቅት ጥሬው ስለሚበዛ ያኔ የበለጠ መጠንቀቅ ነው።

ውሃውን አፍልተው ማጠጣትዎ ትክክል ነው። ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃ ትልቅ ድርሻ ያለው ከዚሁ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ይወጣል፤ ሲወጣ ንጹህ ነው። የሚበላሸው መንገድ ላይ ነው፤ ፈረቃው ሲቋረጥ ባዶ የሆነው ቧንቧ በተሰነጠቀበት በኩል ከዙሪያው ያለውን ፍሳሽ ይስባል፤ ከዚያም ሮቶ ውስጥ፣ ጀሪካን ውስጥ ይከርማል። እንደ ውሃ አጋር ያሉት የክሎሪን ማከሚያዎች ባክቴሪያን ይገድላሉ፤ ለጃርዲያና ለአሜባ ሲስት ግን በተለመደው መጠን አይተማመኑባቸው። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 እና 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያም ቢሆን እነዚህን ለመግደል ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው የሚመከረው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ይበልጣል፦ የፈላውን ውሃ በምን ያስቀምጡታል? ኩባያ እየተጠለቀበት ከሚቀዳ ባልዲ ይልቅ ጠባብ አፍ ያለው ወይም ቧንቧ ያለው ዕቃ ይምረጡ። ልጅዎም ትምህርት ቤት የራሱን ኮዳ ይያዝ፤ ያ ኮዳም በየቀኑ በሳሙና ይታጠብ።

የትል ኪኒኑን ነገር ጠይቀውኛል። ሀገር አቀፉ የትምህርት ቤት የትል መድኃኒት እደላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ በዋነኛነት የተቀረጸውም ከ5 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ልጅዎ 15 ሲሞላ ከዚያ ክልል ወጣ፤ በደል አይደለም፣ የመርሃ ግብሩ ድንበር ነው። ይልቅስ ሊታወቅ የሚገባው፣ ያ አንድ ፍሬ ሜበንዳዞል ወይም አልበንዳዞል ወስፋትን በደንብ ይጠርጋል፤ የጅራፍ ትል የሚባለውን ግን ብዙ ጊዜ አይጨርሰውም፤ በአንድ ፍሬነቱ ለጃርዲያና ለአሜባ ደግሞ መድኃኒት አይደለም። ስለዚህ አሁን ልጅዎን ለያዘው ነገር የኪኒኑ መቅረት ምክንያት አይደለም። ለወስፋት ከሆነም ኪኒኑ አንጀት ውስጥ ያለውን ይገድላል እንጂ ነገ የሚገባውን አያግድም። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ አፈር ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ከቆየ በኋላ የሚያጠቃ ይሆናል፤ እርጥበትና ጥላ ካገኘም ዓመታት ይቆያል። ሜዳ ላይ አንድ ሰው ሲጸዳዳ የዛሬ ዓመት ኳስ የሚጫወት ልጅን ይመለከታል ማለት ነው።

ቆዳ በስቶ የሚገባው የመንጠቆ ትል ሞቃትና እርጥብ አፈር ስለሚወድ በእኛ ደጋ ብዙም አይመቸውም። ክረምት ላይ ቆላ ወዳለ ዘመድ ሄዶ በባዶ እግሩ የሚውል ልጅ ግን ይይዘዋል። ትሉ ደም ይመጥጣል፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ሰውነት የሚያድግበት፣ ለሴቶች የወር አበባ የሚጀመርበት ጊዜ ስለሆነ የብረት ጉድለቱ ቶሎ ይሰማል። ሴት ልጅ ካለችዎትና ደረጃ ስትወጣ ልቧ የሚመታ፣ ከንፈሯ የገረጣ ከሆነ ይህንንም ያስመርምሩ። ልጆቹ ባቱ፣ ወንጂ ወይም ጣና አካባቢ ከርመው ውሃ ውስጥ ገብተው ከነበረ ቢልሃርዚያንም ለሐኪሙ ይንገሩ። ይህን በሽታ የሚያስተላልፈውን የውሃ ቀንድ አውጣ በእንዶድ መግደል እንደሚቻል በ1964 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አድዋ ላይ ልብስ ከሚያጥቡ እናቶች አጠገብ ያስተዋሉት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው፤ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ብዙዎቻችን የተማርንበት ቤት ነው።

አማትዎ ስለ ኮሶ የሚሉት ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ይጠጡት ነበር፤ ለኮሶ ትልም ሠርቶላቸዋል። ለአሜባና ለጃርዲያ ግን አይደለም። የኮሶ ትል ከጥሬ ሥጋ ወይም ካልበሰለ ክትፎ የሚመጣ፣ ነጭ የተቆራረጠ ክር የሚመስል ቁራሽ ሰገራ ላይ ወይም የውስጥ ሱሪ ላይ የሚያሳይ ትል ነው። ከተበላ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ስለሚታይ የፋሲካው ጥሬ ሥጋ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይወጣል። ቢገኝበትም ዛሬ መጠኑ የታወቀ መድኃኒት አለ፤ የኮሶው መጠን ግን በእጅ ግምት ነው፤ ሲበዛ ክፉኛ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ዓይን የጎዳበትም ጊዜ አለ። «እማማ፣ ምርመራው የኮሶ ትል የለበትም ብሏል፤ መድኃኒቱን ከሐኪም እንቀበላለን» ብለው ቀስ አድርገው ያስረዷቸው።

አሁን ምን ያድርጉ? አዲስ መድኃኒት ሳይጀመር ሦስት የተለያዩ ቀናት የሰገራ ናሙና ያስመርምሩ፤ ጃርዲያ በየቀኑ አይወጣምና አንድ ቀን «የለም» መባሉ የለም ማለት አይደለም። ናሙናው ደረቅና ንጹህ ዕቃ ላይ ይሁን፤ ሽንት አይቀላቀልበት፤ ተቅማጥ ከሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መታየት ስላለበት እዚያው ላብራቶሪው ግቢ ቢሰጥ ይመረጣል። ላብራቶሪው በፎርሞል ኢተር (ጥቂት ተሐዋስያንን አሰባስቦ በሚያሳይ ዘዴ) አጣርቶ የሚያይ ከሆነ ይጠይቁ፤ የጃርዲያ ወይም የአሜባ አንቲጅን ምርመራ ያለው ቦታ ካገኙ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። የእስከ ዛሬዎቹን ውጤቶች፣ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ስምና ስንት ቀን እንደዋጣቸው ጽፈው ይያዙ። ጃርዲያ ከተገኘ ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ፣ በተለይ ታናናሾቹ፣ ይመርመሩ፤ ምንም ሳያመው ለሌላው የሚያስተላልፍ ሰው ቤት ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከመድኃኒቱ በኋላ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ወተት ይቀንሱለት፤ እርጎ ከተስማማው ይብላ።

ልጁን ስለ እጁ ከመውቀስዎ በፊት ትምህርት ቤቱ ሄደው ቧንቧውን ይክፈቱት። ውሃ ከሌለ ለብቻዎ አይጩኹ፤ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረቱ ስብሰባ ላይ ያንሱት፤ የሚጠየቀውም ቁርጥ ያለ ይሁን፦ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ቧንቧ ያለው በርሜል፣ በየቀኑ የሚሞላው ሰው፣ በገመድ የታሰረ ወይም በፈሳሽ መልክ የሚቀመጥ ሳሙና፣ ለሴቶቹ ከውስጥ የሚቆለፍ በር። በር ላይ የሚሸጡትን እናቶች ማባረር መፍትሔ አይደለም፤ ከዚያው በርሜል ውሃ ቢያገኙ ሁሉም ይጠቀማል።

ሰገራው ላይ ደም ወይም ንፍጥ ከታየ፣ ከትኩሳት ጋር ቀኝ ጎኑን ከጎድን አጥንት ሥር ካመመው፣ ከሳ ወይም ሆዱ ተወጥሮ ማስመለስ ከጀመረ ግን ሦስት ቀን ናሙና አይጠብቁ፤ የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ይውሰዱት።